የድሪቶ ማኅበር ዕጣ

የሺ ከሰው ነገር አትቀበልም። ይህን ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ የሚኖር ሁሉ ያውቃል። አንድ ስኒ ስኳር ቢያበድሯት በማግሥቱ ስኒው እስኪፈስ ሞልቶ ይመለሳል። ጠበል ጠዲቅ ቢልኩላት ሳህኑ ባዶውን አይመጣም። «ብድር በምድር» ትላለች፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ምርቃት ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ይመስላል።

ነገሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የሺ ያደገችው አፍንጮ በር ነው፤ እናቷ የሰው ልብስ እያጠቡ ነው ያሳደጓት። ስምንት ዓመቷ ላይ ለጥምቀት አንዲት ባለጸጋ ጎረቤት የልጃቸውን ቢጫ ቀሚስ ሰጧት። ልጅቷ በደስታ ሰክራ ጃንሜዳ ወረደች። ሴትዮዋ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል አዩዋትና «ኧረ ቀሚሳችን እንዴት አምሮባታል! የኛዋ የጣለችው እኮ ነው» አሉ። ሰው ዞሮ አያት። ለነገሩ ሴትዮዋ በክፋት አልነበረም፤ ግን አንዳንድ ሰው ቀሚስ ሲሰጥ ዝም ብሎ መስጠት አይችልበትም። የሺ ያን ዕለት ቀሚሱን አጥፋ መለሰችና ከእናቷ ጋር ድሪቶዋን ለብሳ ተኛች። መቼም ድሪቶ የድሃ ብርድ ልብስ ነው፤ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ሲጣፍ ሲጣፍ የመጀመሪያው ጨርቅ የቱ እንደነበር ለባለቤቱም ይጠፋዋል። ከዚያ ወዲያ የሺ የሰው ስጦታ ገላዋን እንዳይነካ ማለች።

እንግዲህ ይህችው ሴት ናት አርባ ዓመት ሲሞላት የድሪቶ ማኅበር ያቋቋመችው።

ሥራዋ ፒያሳ፣ ከጋሽ እምሩ ልብስ ስፌት ቤት ነበር። ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትዘመዝማለች። ባሏ መርሻ በስድሳ ዘጠኝ በሾፌርነት ወደ ጦር ግንባር ሄዶ ስላልተመለሰ፣ አንድ ልጇን ወርቅአፈራሁን በዚያች መርፌ ነው የምታሳድገው። ከጋሽ እምሩ ባንኮኒ ሥር ብጣሽ ጨርቅ ይከመራል፤ የሱፍ፣ የፖፕሊን፣ የካኪ፣ አንዳንዴም የሙሽራ ከፋይ።

«ውሰጂው እንጂ የሺ» አሏት አንድ ቀን ጋሽ እምሩ። «ለእሳት እኮ ነው የሚሄደው።»

«በነጻ አልወስድም ጋሽ እምሩ።»

«አንቺ ልጅ፣ ቆሻሻ ነው!»

«ቆሻሻም ቢሆን የእርስዎ ነው።»

በዚህ ተግባቡ፤ የሺ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱን ጠርጋ ብጣሹን በደመወዝነት ትወስዳለች። ጋሽ እምሩ እንዲህ ዓይነት ጠራጊ አይተው አያውቁም፤ ወለሉን መጥረግ ብቻ ሳይሆን የጠረገችውን አጥፋ በየቀለሙ ታስረዋለች።

ብጣሹ ሲበዛ ሦስት ጓደኞቿን ጠራች። ተናኘወርቅ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት፤ ሰፊ ክፍል ያላት እሷ ስለሆነች መሰብሰቢያው እሷ ቤት ሆነ። አሰፋች ከባሏ ጋር ድልድዩ አጠገብ ክርና መርፌ የሚሸጡባት ሱቅ አለቻቸው፤ ከሱቁ ዕቃ ይልቅ ወሬ ታከፋፍላለች እያሉ ያሟታል። ሰርክአዲስ ደግሞ አስተማሪ ናት። ቀይ እስክሪብቶዋን ሹሩባዋ ውስጥ ሰክታ የምትረሳ፣ አፏ የአራዳ፣ ቤቷ ወንዙ ዳር ስለሆነ ክረምት ከበጋ የሚበርዳት።

«እና ይሄ ድሪቶ አይደለም ልትይኝ ነው?» አለች ሰርክአዲስ የመጀመሪያውን ቀን ብጣሹን እያየች።

«ድሪቶ ነው» አለች የሺ። «ግን የሚያኮራ ድሪቶ።»

ማኅበሩ ስሙን እዚያው አገኘ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አራቱ ተቀምጠው ብጣሹን ለአልጋ ልብስ ይገጣጥማሉ። ቀዩን ከሰማያዊው፣ ካኪውን ከአበባማው እያስማሙ ነው እንጂ እንደዚያኛው ድሪቶ እንደመጣለት አይጣፍም። ለገበሩ ከቀበሌ ሱቅ በተራ የሚደርሳቸውን አቡጀዲ ያዋጣሉ፤ በመሃሉ የተባዘተ ጥጥ ይነጠፋል። አንዱ የአልጋ ልብስ ሰባት ስምንት ወር ይፈጃል። ወሬው ስለሚያዘገየው ነው ቢባል ውሸት አይደለም።

ሁለት ሕግ አወጡ። አንደኛው፣ ልብሱ ሲያልቅ በዕጣ ይሰጣል። እያንዳንዷ ስሟን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ፣ አጥፋ፣ አሰፋች ከሱቋ ያመጣቻት የልብስ ቁልፍ ጣሳ ውስጥ ትጥላለች፤ ባለፈው የወጣላት ታወጣለች። አንዴ የደረሳትም እንደገና ትገባለች፤ ዕጣ ዕጣ ነው። ሁለተኛው፣ ልብሱ አልጋ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሣር ላይ ይመረቃል። የሚመረቀውም ራቅ ያለ ቦታ ሄደው፣ አንጥፈው፣ በልተው፣ ተንከባልለውበት ነው። የመጀመሪያውን እንጦጦ አስመረቁት። ሲወርዱ ዝናብ ያዛቸውና አራቱም በአንድ ልብስ ተጠቅልለው እየሳቁ ገቡ።

ሳቁ ቀበሌ ደረሰ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ፈቀደ አስጠራቸው።

«እሑድ እሑድ የምን ስብሰባ ነው?»

«ማኅበር ነው ጓድ» አለች አሰፋች።

«የጽዋ?»

«የድሪቶ» አለች ሰርክአዲስ።

ጓድ ፈቀደ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ድሪቶ የሚባል ቃል ለበላይ አካል አይቀርብም» አለና ጥቂት አስቦ «የሴቶች የእጅ ሥራ ቡድን» ብሎ መዘገባቸው። ከዚያ ወዲህ በሕግ ነው የሚሰፉት።

ዕጣው እንግዲህ ለማን እንደሚያደላ አይታወቅም። ከሦስቱ ልብሶች ሁለቱ ለአሰፋች፣ አንዱ ለተናኘወርቅ ወጣ። ሰርክአዲስና የሺ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የሺ ግድ አልነበራትም፤ እስከ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት መስከረም ድረስ ማለት ነው።

ያን መስከረም ወርቅአፈራሁ ኪየቭ የሚባል አገር ትምህርት ደረሳት። ሕክምና ነው። የሺ ደስታውን ሳትጨርሰው፣ እዚያ ተምረው የመጡ ሰዎች በረዶው ጉልበት ድረስ እንደሚውጥ ነገሯት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ብርዱ እሷው አጥንት ውስጥ ገባ። ቤት ውስጥ ያለችው አንዲት ጋቢ ናት፤ እሷም ሳስታለች። ቀበሌ ሱቅ ብርድ ልብስ መጣ ሲባል ተሰልፋ፣ አለቀ ተብላ ተመለሰች። ልጅቷ ልትሄድ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። አራተኛው የአልጋ ልብስ ደግሞ ሊያልቅ ጠርዙ ብቻ ነው የቀረው።

ከሁሉም ያማረው እሱ ነበር። መሃሉ ላይ ከሙሽራ ካባ የተረፈ ቀይ ከፋይ አለ። የሺ ጠርዙን ስትዘመዝም ልቧ ሌላ ነገር ይላል፤ ይህን ልብስ ፈልጋዋለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ነገር አልፈልግም ስትል የኖረች ሴት፣ ፍላጎቷ ፊቷ ላይ የሚነበብባት እየመሰላት አቀርቅራ ትሰፋለች።

«ለምን ይሄኛውን ለወርቄ አንሰጣትም?» አለች ሰርክአዲስ፤ ቀለል አድርጋ ለማለት ሞክራ።

የሺ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «ልጄ ለማኝ ናት?»

«ኧረ የሺ፣ እንዲያው…»

«ዕጣ ይውጣ። የወጣላት ትውሰድ።»

ማንም አልደገመውም። አሰፋች ወሬውን ወደ ሽንኩርት ዋጋ አዞረችው።

የመስቀል ሰሞን እሑድ፣ ዕጣው ሊወጣ ነው። ሌላ ጊዜ የየሺን ስም የምትጽፍላት ተናኘወርቅ ነበረች። ዘንድሮ ግን የሺ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቷን ይዛለች። ከቤቷ ከልጇ ደብተር ጠርዝ ቀድዳ፣ ምላሷን ከንፈሯ ላይ አውጥታ፣ በእርሳስ ጽፋ መጣች። እግዜር ሲወዳት ስሟ ሁለት ፊደል ነው። አንዱ ፊደል ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ሆነ፤ ቢሆንም የራሷ እጅ ነው። አራቱም ወረቀታቸውን ጣሳዋ ውስጥ ጣሉ። የሺ በሆዷ ቅድስት ማርያምን ለመነች። ስትለምን ደግሞ አፈረች።

ባለፈው የወጣላት አሰፋች ነበረችና ዓይኗን ጨፍና እጇን አስገባች። ወረቀቷን ፈታች። አየችው። «በስመ አብ!» አለች፤ «የሺ!»

እልልታው ቤቱን ሞላው። ተናኘወርቅ አቅፋት ታለቅሳለች፤ ሰርክአዲስ እስክስታ ትወርዳለች። የሺ ወረቀቷን ተቀብላ አየችና እልልታው ከጆሮዋ ጠፋ። «የሺ» ይላል፤ አልተሳሳተችም። ግን ጽሕፈቱ የእሷ አይደለም። እሷ የጻፈችው በእርሳስ ነው። ይህ በቀይ እስክሪብቶ ነው፤ ቁጭ ያለ የአስተማሪ እጅ።

በዚያው ቅጽበት ሦስት እጅ ወደ ጣሳዋ ተዘረጋ። «ልድፋው» አለች ሰርክአዲስ። «ተይ እኔ» አለች ተናኘወርቅ። «የኔ ጣሳ ነው» አለች አሰፋች። ሦስቱም አንዷ የሌላዋን እጅ እያየች ደነገጠች። የሺ ቀደመቻቸው።

«የዕድሌ ጣሳ ናት፤ የምደፋት እኔ ነኝ።»

ጓሮ ወጥታ ከቧንቧው አጠገብ ቆመችና የቀሩትን ሦስቱን ፈታቻቸው። አንዷ በታይፕ የተመታች ናት፤ ከመሥሪያ ቤት ታስባ የመጣች። አንዷ በሰማያዊ ቢክ፣ በሱቅ መጠቅለያ ወረቀት ላይ። አንዷ የራሷ እርሳስ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ የሺ፣ የሺ፣ የሺ።

ፊቷ ጋለ። የጃንሜዳው ሕዝብ ዞሮ ያያት መሰላት። አንድ እግሯ ወደ ቤት ሊመለስ ተነሣ፤ ወረቀቶቹን ፊታቸው ላይ ልትበትን፣ «ምጽዋታችሁን ውሰዱ» ልትል። ከዚያ የሦስቱ እጆች ጣሳዋ ላይ መሻማት ትዝ አላት። የቢጫው ቀሚስ ባለቤት ለመላው ጃንሜዳ ተናግረው ነበር። እነዚህ ግን እንኳን ለእሷ፣ እርስ በርሳቸውም አልተነጋገሩም። እያንዳንዷ ለብቻዋ አስባ፣ ለብቻዋ ጽፋ፣ ለብቻዋ ልትደብቅ ነበር። ሰርክአዲስ እንኳ፤ አንድም ጊዜ ያልወጣላት፣ ወንዝ ዳር የምትንቀጠቀጠው ሰርክአዲስ። የሺ ቧንቧውን ከፈተችና ፊቷን ታጠበች። እንባዋ ከውኃው ጋር ወረደ። አራቱን ወረቀቶች ጡቷ መካከል ሸጎጠቻቸው። ሆድ ይፍጀው አለች።

«ደፋሁት» አለቻቸው ስትገባ። «ምርቃቱ ሆራ ሐይቅ ዳር ነው። ስንቁን የማዘጋጀው እኔ ነኝ።»

በሚቀጥለው እሑድ በማለዳ ከለገሃር ባቡር ተሳፍረው ደብረ ዘይት ወረዱ። ሐይቁ ዳር፣ አደይ አበባው ባልረገፈበት ሣር ላይ ልብሱን አነጠፉና ወርቅአፈራሁን መሃሉ ላይ፣ ከፋዩ ላይ አስቀመጧት። ሰርክአዲስ የኪየቭ ፕሮፌሰር ሆና በሩስኪኛ የሚመስል ነገር ስታስተምር ዓሣ አጥማጆቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ምሳ ከበሉ በኋላ ሦስቱም በየተራ የሺን ለብቻዋ አገኟት። «አየሽ፣ ዕጣ ያውቃል» አለቻት ተናኘወርቅ። «የኔ እጅ ገድ አለው» አለች አሰፋች። ሰርክአዲስ ፉጨቷን ለቀቀችው። የሺ ለሁሉም «ይመስገን» አለች። ሳቋ አንቆ ሊገድላት ነበር።

ልጅቷ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ የሺ ከቀኝ ማዕዘኑ የጠርዙን ስፌት ፈታች። አራቱን ወረቀቶች ከገበሩና ከጥጡ መካከል አስገብታ መልሳ ሰፋችው።

ደብዳቤው በጥር መጣ። የሺ ማንንም ሳታስነብብ እሑድ ወደ ማኅበሩ ይዛው ሄደች። አምስተኛው ልብስ ተጀምሯል። መነጽር እንደለመደ ሰው ወረቀቱን ራቅ አድርጋ፣ ፊደል በፊደል አነበበችላቸው። ጓደኞቿም ቢዘገይም አላቋረጧት። በረዶው እንደተባለው ነው። ወርቅአፈራሁ ግን አይበርዳትም። የመኝታ ቤት ጓደኞቿ ስለ ልብሱ ሲጠይቋት እያንዳንዱን ብጣሽ እየነካች፣ ይሄ የእትዬ አሰፋች አመራረጥ ነው፣ ይሄ የእትዬ ተናኘ ስፌት ነው ትላቸዋለች።

የሺ ቀጠለች። «እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስገላበጥ ቀኝ ማዕዘኑ ላይ ወረቀት ነገር ይንኮሻኮሻል። ልፍታው ወይ?»

«ምን ከተትሽበት ደግሞ?» አለች ሰርክአዲስ።

የሺ ደብዳቤውን አጠፈች፤ መርፌዋን አነሣች። «አንዱ በታይፕ ነው» አለች ዓይኗን ከጨርቁ ሳትነቅል። «አንዱ በሰማያዊ ቢክ። አንዱ በቀይ እስክሪብቶ። የኔዋ በእርሳስ ናት።»

ሦስት መርፌ ቆመ። ሰርክአዲስ እጇን ወደ ሹሩባዋ ሰደደች፤ እስክሪብቶው እዚያው ነበር። ተናኘወርቅ አሰፋችን አየቻት፤ አሰፋች ሰርክአዲስን አየቻት።

«አንቺም?» አለች አሰፋች።

«አንቺም?» አለች ተናኘወርቅ። ከዚያ ማን ሳቅ፣ ማን ልቅሶ እንደጀመረ አልታወቀም።

«እና ምን ብለሽ መለስሽላት?» አለች ሰርክአዲስ፣ አፍንጫዋን በክንዷ እየጠረገች።

«አትፍቺው አልኳት፤ ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ በራሴ እጅ ጽፌ። የሚያሞቅሽ እሱ ነው አልኳት።» የሺ የያዘችውን አዲሱን ልብስ ወደ ሰርክአዲስ ጉልበት ገፋ አደረገችው። «አሁን ስፉ። ይሄኛው ክረምቱ ሳይደርስ ወንዝ ዳር መግባት አለበት፤ ዕጣ የሚባል ነገር ከእንግዲህ እንዳልሰማ።»