እትዬ በረኪና ያጠቡት ሸሚዝ

እትዬ በረኪናን እናታቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠራቸው የለም። የሰፈራችን ልብስ አጣቢ ናቸው፤ እጃቸው የገባ ነጭ ልብስ እንደ አዲስ ሆኖ ነው የሚወጣው። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው።

«እትዬ በረኪና፣ የእኔንስ ኃጢአት አያነጡልኝም?»

«ያንተማ ቆሻሻ አይደለም፣ ቀለምህ ነው፤ አይለቅም» ይሉታል።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ጋራዥ ይሠራ ነበር። አንድ ምሽት ወደ ቤቱ ሲመለስ ሁለት ፖሊሶች መታወቂያ ጠየቁት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አየሁ የሚል ጠፋ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ሞተ። ጣቢያው «ሰክሮ ከደረጃ ወድቆ ነው» አለ። ነርሷ ግን ልብሱን በፌስታል ስታስረክብ ለአጎቱ፣ «ሸሚዙ ጀርባ ላይ የቦት ጫማ ምልክት አለ፤ እንዳይጠፋ» ብላ ሹክ አለችው።

ሰፈሩ በንዴት ጦፈ። ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ወደ ጣቢያው እንሂድ ተባለ። ጉዳዩን የያዘችልን ጠበቃም «ሸሚዙን ከፊት እንይዛለን፤ ደረጃ ቦት አያደርግም» አለች። ይህ ሁሉ ሲመከር ፌስታሉ ያለው እትዬ ቤት ነው፤ ስለ ምልክቱ ግን ለእሳቸው የነገራቸው የለም። ሐዘንተኛን ምን አስጨነቀን አልን።

ሰኞ አጎትየው ሊወስደው ሲሄድ ሸሚዙን ገመድ ላይ ተሰጥቶ አገኘው። ንጹሕ ነጭ።

«ምን አደረግሽው፣ እህቴ?»

«አጠብኩት። ልጄ ቆሻሻ ለብሶ ያውቃል እንዴ? ደሙስ በቀዝቃዛ ውሃ ለቀቀ። ያስቸገረኝ ጀርባው ላይ ያለው ጭቃ ነው።»

ጭቃው የቦት ምልክት እንደነበር ሲነገራቸው እጆቻቸውን አገላብጠው አዩ። «በገዛ እጄ» አሉ። «እንግዲህ ምን ይዤ ልውጣ?» ሲሉ ጎረቤታቸው ክንዳቸውን ያዘችና «እግርዎን ይዘው ይውጡ፣ እትዬ» አለቻቸው። ወጡ።

የጣቢያው በር ላይ አዛዡ ቆሞ ጠበቀን።

«ማስረጃችሁ የታለ?»

እትዬ «ነበረ። አጠብኩት» አሉ። ከዘበኞቹ አንዱ ሳቀ።

ያኔ ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ እየተጋፋ መጣ። ጠበቃዋ እንዲመሰክር ስንት ጊዜ ለምናው፣ «ሱቄን ዘግቼ ነበር፤ ደግሞስ ሸሚዙ ይናገር የለም?» እያለ ሲያመልጣት የከረመ ሰው ነው።

«አይቻለሁ» አለ። ያ የጨዋታ ድምፁ የለም። «አንዱ ያዘው፣ አንዱ በቦት ረገጠው። የሱቄ በር ላይ ነው።» ወደ እትዬ ዞረ። «‹ጋሼ፣ ክፈትልኝ› አለኝ። መብራቱን አጠፋሁበት።»

አጎትየው ዘሎ አንገትጌውን አነቀው። ሰዉ ጮኸ፤ ዘበኞቹ ዱላቸውን አነሱ። እትዬ ግን መሀል ገብተው የወንድማቸውን ጣቶች ከሰውየው አንገት አላቀቁ።

«ተወው። ከእሱ ሌላ ማን አለን?»

አጥሩን ተደገፉ። ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞሩ።

«ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገራቸው» አሉት። «እኔም አልሰማሁትም።»