ገና ያልደረሰው መስከረም አንድ

ይህ የደረሰብኝ በ1979 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ ሮቤ ውስጥ በአንድ የመንግሥት እርሻ ቢሮ ስሠራ ነው። ስንት ዓመት አለፈው! ሰሞኑን ጎባ መናኸሪያ ያገኘሁት ሰው ግን ቁስሌን ነካካውና እንደ አዲስ ያንገበግበኝ ጀመር።

ቢሮው አንዲት ኮምፒዩተር ነበረችው። አዲስ አበባ ሄጄ የሠለጠንኩባት እኔ ብቻ ነበርኩ። ማሽኗ ስትከፈት መጀመሪያ ቀኑን ትጠይቃለች። የምታውቀው የፈረንጁን ዘመን ነው፤ ከ1980 በታች ከጻፉላት አትቀበልም።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ እኔ ካልከፈትኳት አለ። 1979 ብሎ ጻፈ፤ እምቢ አለችው። ደግሞ ጻፈ፤ እምቢ። ሰው ፊት ስለነበር ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«የእኛን ቀን የማትቀበል ከሆነ፣ ከነጭራሹ እንዳትጠይቅ አድርጊያት» አለኝ።

«ጓድ፣ ካልጠየቀች በተከፈተች ቁጥር የራሷን ቀን ነው የምትይዘው። በፈረንጅ 1/1/1980 እያለች ትጽፋለች።»

«ያልኩሽን አድርጊ።»

አደረግኩ። ስትነሳ የምታነበውን ትእዛዝ ቀየርኩና ቀን ሳትጠይቅ በቀጥታ ወደ ሥራ እንድትገባ አደረግኳት። ሁለቱ ጸሐፊዎችና ሾፌራችን ኦቦ ሁሴን እዚያው ነበሩ።

ብዙም ሳይቆይ ተቆጣጣሪ መጣ። የትራክተር መለዋወጫ ሪፖርቱን ገለጠና 1/1/1980 የሚለውን በእኛ አቆጣጠር አንብቦ፣ «መስከረም አንድ፣ ሰማንያ ይላል። ገና ሐምሌ ላይ አይደለን እንዴ? ያልመጣ ዕቃ ነው ገባ የምትሉኝ?» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እኔ ስለ ማሽን ምን አውቃለሁ? እሷን ይጠይቋት» አለ። ጸሐፊዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። የተናገረ ኦቦ ሁሴን ብቻ ነው። «ወላሂ አንተ ነህ ያዘዝካት፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለው። «አንተ መሪህን ያዝ» ተባለ።

አሻጥረኛ ተብዬ ቀበሌ ታሰርኩ። ያኔ በዚህ ቃል የተያዘ ሰው መመለሱን ማንም አያውቅም። እናቴ ከጎባ ስንቅ ይዛ እየተመላለሰች፣ «ምን ጽፈሽ ነው ልጄ?» ትለኛለች። ቀን ነው ስላት ለቅሶዋ ይብስባት ነበር።

በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ባለሙያ መጥቶ ማሽኗን አጥፍቶ እያበራ ሁልጊዜ ያንኑ ቀን እንደምትጽፍ ሲያሳያቸው ለቀቁኝ። ይቅርታ ያለኝ የለም። ሥራ አስኪያጁም ያለኝ፣ «ቀን እንድትጠይቅ አድርገሽ መልሻት» ብቻ ነው።

መናኸሪያ ያገኘኝ እንግዲህ እሱ ነው። አርጅቷል፤ ከዘራ ይዟል። በስሜ ጠርቶ ሳመኝና፣ «እንዳትቀየሚኝ፤ እኔ አይደለሁም፣ ጊዜው ነው» አለኝ።

በቀን ምክንያት ያሳሰረኝ ሰው ጥፋቱን ለጊዜው ሰጥቶት አረፈ።

«ጊዜው አላዘዘኝም፤ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት» አልኩትና ደሎ መና የሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ።