ባቡር ሲያልፍ

ያ ረጅሙ ልጅ የቅርጫት ኳሷን ሲይዝ፣ ጨዋታ ሊያይ የመጣው የአቃቂ ፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ ያጨበጭብለታል። ጓደኞቹ ሲስቱ ግን ጭኑን በጥፊ ይመታል፤ ቀይ ካልሲውን ወደ ላይ እየጎተተ፣ "አይ እናንተ!" ይላል። ከቡድኑ ልጆች አንዱ፣ ቀናው፣ በጣም ነው የሚፈራው።

ዛሬ አሰልጣኙ ጋሽ ዱሬሳ የአምበሉን ጨርቅ ረጅሙ ልጅ ክንድ ላይ ሲያስሩለት፣ "አንድ ሰው ብትሰድብ ፈትቼ ለሌላ ነው የምሰጠው!" አሉት።

"እሺ ጋሼ።"

ቀናው ቅርጫቷ ሥር ቆሞ ሳተ። ወዲያው ባቡሩ መጣ። አቃቂ ሜዳ ላይ ባቡር ሲያልፍ ጨዋታ ይቆማል፤ ሁሉም ለተሳፋሪው እጁን ያውለበልባል። ረጅሙ ልጅ ብቻ እንደ ልማዱ ወደ ሳተው ልጅ ዞሮ ይጮህ ጀመር። አፉ ሲከፈት ይታያል፣ ድምፁ ግን ከባቡሩ ጩኸት የተነሳ አይሰማም። ጋሽ ዱሬሳ ተናደው ጨርቁን ሊፈቱ ገቡ።

የዛሬው ባቡር አጭር ነበር። ድንገት አለፈና የልጁ ድምፅ ሜዳው ላይ ብቻውን ቀረ።

"...አይዞህ ወንድሜ! እኔም ስንቴ ስቻለሁ! አሁንም ለአንተ ነው የምሰጠው!"

ተመልካቹ በሳቅ አውካካ። ልጁ ፊቱን በማልያው ሸፈነ።

"እስከ ዛሬም ይሄን ነበር እንዴ የምትለን?" አለ ቀናው።

"ዝም ብለህ ተጫወት!" አለው ረጅሙ ልጅ።

ጋሽ ዱሬሳ ሊፈቱት የነበረውን ጨርቅ ለረጅሙ ልጅ ጠበቅ አድርገው አሰሩለት። ቀናው እጁን ዘረጋ፤ ኳሷም መጣችለት።