እንደ ሕፃኑ ቂርቆስ

ከሚሴ በገባሁ ቁጥር የጎረቤታችንን የእትዬ ዘይነባን እጅ እስማለሁ፤ የጥርሴ ጠባሳ አለበት።

ስድስት ዓመቴ ነበር። እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተኩሱ ሰፈራችን ደረሰ። እትዬ ዘይነባ ቤቷ አስገብታን እናቴን ጎተራ ውስጥ ደብቃ የአንገቴን ማተብ በጠሰችው። ወዲያው ታጣቂዎች በሩን ሰብረው ገቡ።

«ይቺ የማን ናት?» አለ አንዱ፣ አፈሙዙን ግንባሬ ላይ ደግኖ።

ጠዋት ቄሱ ስለ ሰማዕቱ ቂርቆስ ነግረውን ነበር፤ ሕፃኑ የሚፈላ ጋን ፊት እንኳ ክርስቶስን አልካደም። እኔም ልመሰክር አፌን ስከፍት እትዬ ዘይነባ አፈነችኝ። እጇን ነከስኳት፤ ደሟ አገጬ ላይ ወረደ።

«ወላሂ ልጄ ናት!» አለች።

ሰዎቹ ሄዱ።

«በሐሰት ማልሽ» አልኳት እያለቀስኩ።

«ጡቴን ጠብተሽ የለ? ምኑ ነው ሐሰቱ?»

ያኔ በደንብ አልገባኝም። በማግስቱ ጠዋት ግን ቁስሏን በጨርቅ ጠቅልዬ በተበጠሰው ማተቤ አሰርኩላት።