ከቦታዋ የተነሳች ሰሌዳ

ቢቸና ጥገና ክፍል ሥራ የገባሁ ዕለት፣ አለቃዬ ጋሽ አያሌው አንድ የናፍጣ ሞተር መቆጣጠሪያ ሣጥን ፊት አቆሙኝ። ሣጥኑ ላይ ትናንሽ መስኮቶች ተደርድረዋል። ከእያንዳንዱ መስኮት ኋላ አምፖል፣ ከአምፖሉ ፊት ጽሑፍ ያለባት የፕላስቲክ ሰሌዳ አለች። ውሃ ሲሞቅ ወይም ዘይት ሲጎድል አምፖሉ ይበራና ጽሑፉ ይነበባል። የፈረንጁን አውጥተን በአማርኛ የጻፍነው እኛው ነን።

"ማሽኑ ፊደል አልቆጠረም" አሉኝ። "እሱ የሚያውቀው ማብራት ብቻ ነው። ጽሑፉን የሚያስቀምጠው ሰው ነው።"

እኔ እንደሆንሁ ድሮም ተጠራጣሪ ነኝ። "ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር" የሚለውን ጡት ሳልጥል የሰማሁት ይመስለኛል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሞጣ ያለ አንድ የመንግሥት ወፍጮ፣ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ተቃጠለ ተባለና ተላክሁ። ስደርስ ኦፕሬተሩ ኑሩ ታስሯል። የነጋዴ ልጅ ስለሆነ የአካባቢው ካድሬ አሻጥረኛ ለማለት ጊዜ አልፈጀበትም። ያኔ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወይ ይመለሳል ወይ አይመለስም። እናቱ ስንቅ ይዘው እስር ቤቱ በር ላይ ይውላሉ።

አስፈቅጄ አነጋገርሁት። የበራው "ማጣሪያ ይጽዳ" የሚለው ነው አለኝ። ማጣሪያ ደግሞ ሥራ ሲያበቃ ይጸዳል እንጂ ሞተር አያስቆምም።

"ጋሼ፣ አቁም ቢለኝ ማቆም ያቅተኝ ነበር?" አለ።

እውነቱን ለመናገር አላመንሁትም። የታሰረ ሰው ሌላ ምን ይላል?

የወፍጮው ኃላፊ ጓድ መኮንን ምሳ ጋበዘኝ፤ ቢራም ጨመረ። ሞተር በቆመ ቁጥር የዱቄት ኮታው ጎደለ ተብሎ ከአውራጃ የሚሰደብ ሰው፣ ለጥገና ሠራተኛ ቢራ የሚገዛው ምን ቆርጦት ነው? ቢራውን ጠጣሁ፣ ሆዴ ግን ጠረጠረ።

ከዘይት ግፊት ጠቋሚው የሚመጣውን ሽቦ ፈትቼ ከሞተሩ ብረት ጋር አነካካሁት፤ ዘይት ሲጎድል የዘይቱ አምፖል የሚበራው እንዲሁ ነው። "ማጣሪያ ይጽዳ" በራ። ሽቦው ተዛብቶ ይሆናል ብዬ እስከ ሣጥኑ ተከተልሁት፤ ልክ ነው። "ዘይት ጎድሏል፣ ሞተር አቁም" የምትለዋን ሰሌዳ ከተሰካችበት መስኮት አወጣኋት። ያ መስኮት ለማጣሪያ የተተወ ነው፤ ያ ሞተር የማጣሪያ ጠቋሚ ስለሌለው አምፖል ገብቶበት አያውቅም። የሰሌዳዋ ጀርባ ግን በአምፖል ሙቀት ጠቁሯል። አምፖል በሌለበት ምን አጠቆራት? ሁለቱን ሰሌዳዎች ያቀያየረ ሰው አለ።

ዞር ስል ጓድ መኮንን ከኋላዬ ቆሟል።

"በየጊዜው እየቆመ ኮታው በምን ይሞላል?" አለኝ ቀስ ብሎ። "ልጁን መክረው ይለቁታል። አንተ ግን ልጆች አሉህ፤ ዝም በል።"

ፈራሁ። ይሁንና እናቱን በር ላይ አይቻቸዋለሁ። በማግሥቱ ካድሬውና ሠራተኛው በተሰበሰበበት ሽቦውን እንደገና አነካካሁ፣ ሰሌዳዋንም ገልብጬ አሳየሁ። ካድሬው ሰሌዳዋን ተቀብሎኝ ሄደ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ኑሩ ተፈታ።

ጓድ መኮንንን ማንም አልጠየቀውም። በዕድገት ወደ ሌላ ወፍጮ ተዛወረ። እዚያም እንዲህ ያለ ሣጥን አለ።

ለእናንተ ለወጣቶቹ የምለው ይህን ነው፦ ሞተር ሲቆም የሚጎዳው ሰው ያስቀመጠውን ማስጠንቀቂያ፣ ሽቦውን ራሳችሁ አነካክታችሁ የሚበራውን ሳታዩ አትመኑ።