እንደ ጠበቃቸው አምነውኝ ነበር

ይህ የገጠመኝ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ሳለሁ ነው። ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም ግን ቢሮዬ በር ላይ አንድ ሽማግሌ በፖሊስ ታጅቦ ሲቆም ፊቱን ሳላይ መዝገቡን አልከፍትም።

ያኔ ዲላ ውስጥ የሕግ ሰው ሁሉ ከመንግሥት ሥራ ለቆ የጥብቅና ፈቃድ ለማውጣት ሲሯሯጥ፣ እኔ ፈቃዴን መልሼ ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጓደኞቼ «አብደሻል?» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ! የግል ጠበቃ የወሊድ ፈቃድ የላትም። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ሳልጠና ወገቤን በመቀነት ጠፍሬ ችሎት ስቆም እነሱ የት ነበሩ?

በግል ስሠራ ከነበሩኝ ደንበኞች አንዱ የወናጎው አባባ ጅግሶ ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ የቡናና የእንሰት ማሳቸውን ገፍቶባቸው ተከራክሬ አስመልሼላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ «ልጄ» እንጂ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ዲላ ለገበያ ሲወጡም ቆጮ ሳይዙልኝ አይመጡም።

መጀመሪያ ላይ ግን ነገሩን ግማሽ ግማሹን ይደብቁኝ ነበር። እኔም እንደማንኛውም ጠበቃ፣ «አባባ፣ ዳኛ ፊት የምንለውን አብረን እንመርጣለን። ለእኔ ግን ሁሉንም ይንገሩኝ፤ ከእኔ አይወጣም» አልኳቸው። ቃሌን በደንብ ያዙት።

ዐቃቤ ሕግ ከሆንኩ ጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ ጠዋት ፖሊስ ተጠርጣሪና መዝገብ ይዞ ቢሮዬ ገባ። ቀና ብዬ ሳይ አባባ ጅግሶ ናቸው። ያው የወንድማቸው ልጅ ማሳው ድንበር ላይ በገጀራ ተመትቶ አንድ እጁን አጥቷል። ፖሊሱ እንደነገረኝ፣ አባባ «የመታሁት እኔ ነኝ» ብለው ቃላቸውን ሰጥተዋል።

እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ወንድና ሴት በሚያቀላቅለው አማርኛቸው፣ «ልጄ! አንተ እዚህ ነሽ? ጌታ ይመስገን! በቃ፣ ከእንግዲህ አልፈራም» አሉ።

«አባባ፣ እኔ አሁን የመንግሥት ነኝ» አልኳቸው።

«እሰይ! ከመንግሥት የሚበልጥ ማን አለ?» ብለው ወደ ጠረጴዛዬ ጎንበስ አሉ።

ሊናገሩ መሆናቸው ገባኝ። «ቆይ፣ አይንገሩኝ!» ብዬ ተነሣሁ። አልሰሙኝም።

«የመታው ትልቁ ልጄ ነው። ልጆቹ ገና ሕፃን ናቸው። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ እኔ ልታሰር። ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፖሊሱ ከኋላቸው ቆሞ ነበር፤ አንድም ቃል አላመለጠውም።

«አባባ፣ እኔ ጠበቃዎ አይደለሁም። እዚህ የምሠራው ከሳሽ ሆኜ ነው» አልኳቸው። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ፖሊሱን አዩ። ቀስ ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ወዲያው ኃላፊዬ ዘንድ ሄጄ ደንበኛዬ እንደነበሩ ነገርኩት፤ መዝገቡም ለሌላ ሰው ተሰጠ። «አንቺ ምን አጠፋሽ?» አለኝ። በሕግ ምንም አላጠፋሁም። አባባ ተለቀው ትልቁ ልጃቸው በማግሥቱ ተያዘ፤ እሱም አልካደም፣ ብዙ ዓመት ተፈረደበት። እጁን ያጣውም ሰው ሰው ነውና እውነቱ በመውጣቱ አላዘንኩም። ያሳዘነኝ እውነቱ የወጣበት መንገድ ነው። እኔን ባያዩ ኖሮ ያን ቃል አይናገሩም ነበር።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አባባ ጅግሶ ማረፋቸውን ሰማሁ። ባለቤቴ «አትሂጂ፣ ያዋርዱሻል» አለኝ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን አላስቻለኝምና ወናጎ ሄድኩ። የለቅሶው ድንኳን በር ላይ ቆምኩ።

ባለቤታቸው አይተውኝ ተነሡ። እጄን ይዘው «ልጁ መጣች!» ብለው ጮኹና አለቀሱ። ወስደውም ሴት ልጆቻቸው መካከል ምንጣፍ ላይ አስቀመጡኝ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ጠጋ ብለው፣ «ሲደክም እኮ ስላንቺ ነገረን» አሉኝ። «‘እሷን እንዳትቀየሙ፣ ያልገባኝ እኔ ነኝ’ አለ።»

የሚገባ ሰው ሁሉ እስር ቤት ያለውን ትልቁን ልጅ በስሙ እየጠራ ያለቅሳል። አባቱን ሳይቀብር ቀረ ይላል። እኔ የማንንም ዓይን ማየት አልቻልኩም።

ጠበቃ ሳለሁ ብዙ ጊዜ ዳኛ ፊት ለሌሎች ሰዎች ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ ሥራዬ ነበር። የዚያን ቀን ግን ሳልጠይቅ ይቅር ተባልኩ። እንዲህ ያለውን ይቅርታ ሰው እንዴት እንደሚሸከመው እስከ ዛሬ አላውቅም። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር።