እትዬ መቀስና የልጆቻቸው ጉባኤ

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ መቀስ ይላቸው ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ የወንድ ሙሉ ልብስ ሲቀዱና ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው። መቀሳቸው በጥቁር ጥብጣብ ታስሮ ከአንገታቸው አይወርድም፤ ስሙን ያወጣላቸው ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ምላሳቸውም ይቆርጣል። ደንበኛ መጥቶ ሱሪው ጠበበኝ ብሎ ቢያማርር፣ «ሱሪው ባለበት ነው፤ የተለወጥከው አንተ ነህ» ይሉታል። ሰውየው ስቆ ይወጣል፣ ሱሪው በማግስቱ ሰፍቶ ይጠብቀዋል።

ባላቸው በጊዜ ስላረፉ ሦስት ልጆች ያሳደጉት በዚያችው መርፌ ነው። ትልቋ ሴት ልጅ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነች፣ መካከለኛው አስተማሪ። የመጨረሻው ልጅ ትምህርት አልዘልቀው ብሎ ሁለቴ ሲወድቅ ዘመድ አዝማድ «ይሄስ አይረባም» ብሎ ተስፋ ቆረጠበት። እሳቸው ግን «የእሱ ጭንቅላት እጁ ላይ ነው» ብለው የሁሉንም አፍ አዘጉ። ዛሬ ልጁ ብረት በያጅ ነው፤ የስንቱን ሰው በርና መስኮት ሠርቷል።

ሰባ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ከሱቃቸው ደረጃ ላይ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰነጠቀ። የሚኖሩት እዚያው ከሱቁ ጀርባ፣ ብቻቸውን ነበር። ትልቋ ልጅ ወዲያው ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው። ሐቁን ለመናገር እንደ እሷ ያስታመመ የለም፤ የራሷን መኝታ ክፍል ለቀቀችላቸው፣ ሁለት ወር ደግፋ አስነሣች፣ ደግፋ አስተኛች።

ዳሌው ዳነ። እንክብካቤው ግን አላቆመም። ምግቡ ተቆራርጦ ይቀርብላቸዋል እንጂ ቢላ አይነኩም። ሻይ ላፍላ ብለው ሲነሡ «አንቺ ዐርፈሽ ተቀመጪ» ትላቸዋለች። ዐርፈሽ ተቀመጪ የሚባለው የሚረብሽ ልጅ ነው እንጂ እናት ነች ወይ ብለው በሆዳቸው ይላሉ። ቀስ በቀስ ምግብ ራቃቸው። ቀኑን ሙሉ መተኛት አመጡ።

አንድ ቀን ለምርመራ ሄዱ። ሐኪሙ ምግብ ይበላሉ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ትንሽ ትንሽ ትቀምሳለች ብላ ልጅቷ መለሰች። እንቅልፍስ ሲል አሁንም እሷ መለሰች። ሐኪሙ ለዕድሜያቸው ደህና መሆናቸውን ለልጅቷ ነግሮ ሸኛቸው። መኪና ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ እትዬ መቀስን አንድ ነገር አስደነገጣቸው። ሐኪሙ ፊት ዝም ያሉት ተናደው አልነበረም፤ የሚጠየቀው ስለ ሌላ ሰው መስሏቸው ነበር።

በዚያው ሳምንት የድሮ ደንበኛቸው፣ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ፣ ኮቱን ተሸክሞ እስከ ልጅቷ ቤት ድረስ መጣ። በሩ ላይ «እማዬ ሥራ ካቆመች ቆየች፤ እጇም ይንቀጠቀጣል» ብላ ስትመልሰው ከመኝታ ክፍላቸው ሆነው ሰሙ። የእጃቸው ነገር እውነት ነው። ሥራ ታቆሚያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ልጅቷ ወንድሞቿን ሰበሰበች። ሱቁ ይከራይ፣ የስፌት መኪናውም ለሚጠቀምበት ይሰጥ የሚል ነው ነገሩ። እናትየው መካከላቸው ተቀምጠዋል። አስተማሪው «ለእሷም የሚሻለው ይሄ ነው» ብሎ ተስማማ። በያጁ አቀርቅሮ ጣቶቹን ያፍተለትላል።

እትዬ መቀስ ለመነሣት ሞከሩ። ሶፋው ጥልቅ ስለሆነ ሁለቴ መልሶ አስቀመጣቸው። ልጅቷ እጇን ስትዘረጋ በዓይናቸው መለሷትና በሦስተኛው ቆሙ።

«ሞቼ ከሆነ ንገሩኝ፤ እኔም ከእናንተ ጋር ልቅሶ ልቀመጥ» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ልጅቷ እንባዋ መጣ። «እማዬ፣ ለአንቺው ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ያስታመምሽኝን አልረሳም። ግን ሳትጠይቂኝ ስትመልሺልኝ፣ ሳትጠይቂኝ ስትቆርሺልኝ፣ እኔ መኖሬን ራሴው ረሳሁት። ነገ ቤቴ እገባለሁ።»

«ብትወድቂስ?» አለ አስተማሪው።

«ብወድቅ አንሡኝ። እንዳልወድቅ ብላችሁ ግን በቁሜ አትቅበሩኝ።»

በያጁ ቀና አለ። «የሱቁ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ ጠዋት መጥቼ እወስድሻለሁ» አለ።

እህትየው አኮረፈች። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልመጣችም፤ ስልክም በአጭሩ ነበር።

እትዬ መቀስ ቤታቸው ገብተው አቧራውን አራገፉ፣ የስፌት መኪናውን ዘይት አጠጡ፣ ፖስተኛውን አስጠሩት። የኮቱን እጅጌ ሊያሳጥሩ መቀሱን ሲያሳርፉት እጃቸው ከዳቸውና መቀሱ ጨርቁን ወደ ውስጥ በላው። ትልቋ ልጅ ልክ ነበረች ብሎ ነገሩን መተው ይቻል ነበር። የተበላሸውን እጅጌ ገልብጠው አዩት። ከዚያ ፖስተኛውን «አበላሽቼብሃለሁ፣ አስተካክልልሃለሁ» አሉት። ተመሳሳይ ጨርቅ አፈላልገው ሁለቱንም እጅጌ እንደ አዲስ ሠሩለት። አሥራ አንድ ቀን ፈጀባቸው። ድሮ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ሲሠሩ ብልሃቱን አገኙት። የእጃቸውን አንጓ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያስደግፋሉ፣ በረጅሙ መቁረጥ ትተው በትንሽ በትንሹ ይቆርጣሉ። በያጁ ምን ልሥራልሽ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ጨርቅ የሚይዝ ከባድ ብረትና ለደረጃው መደገፊያ አዘዙት። የመደገፊያውን ቁመት በራሳቸው ሜትር ለክተው፣ «ሁለት ጣት ዝቅ አድርገው» ብለው አስፈረሱት፣ እንደገናም አስበየዱት። ምግባቸው ተመለሰ። ጠዋት ጠዋት ገና ሳይነጋጋ መነሣት ጀመሩ።

በአራተኛው እሁድ ልጅቷ መጣች። አዲሱን መደገፊያ ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ።

«እኔ ስደግፍሽ እምቢ ብለሽ ብረት ትደገፊያለሽ?»

«አትደግፉኝ አልወጣኝም። አትሸከሙኝ ነው ያልኩት።»

መደገፊያውን ወዝወዝ አድርጋ ጥንካሬውን ፈተነች። በመጨረሻ፣ እንደ መኮሳተርም እያለች፣ «እሺ፣ ምን ላግዝሽ?» አለቻቸው።

አሰቡበት። «የመርፌው ቀዳዳ አልታይ ብሎኛል። ሳምንቱን የሚያዘልቀኝን ክር በየመርፌው ሰክተሽልኝ ሂጂ።»

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዋ ጫማዋን አውልቃ መስኮቱ ሥር ተቀመጠችና ክሩን በምራቋ እያሾለች መሰካት ያዘች። ክሩን አስረዘምሽው፣ አሁን ደግሞ አሳጠርሽው እያሉ እናትየው ተቆጧት። እሷም በተራዋ ከላይኛው መደርደሪያ ጨርቅ ለማውረድ በርጩማ ላይ እንዳይወጡ አስጠነቀቀቻቸው።

«እወጣለሁ» አሉ እትዬ መቀስ፣ ዓይናቸውን ከስፌታቸው ሳያነሡ።